«ሁለቱም መንገዶች ጥንቃቄ ይሻሉ»

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሱራፌል ከጎንደር መጥቶ ነበር። ዳባት ሲመጣ የሚያርፈው እኔ ዘንድ ነው። ድንች ቀቅዬ፣ ዳጣ አውጥቼ ብጠብቀው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን አወጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ የአንድ ጣቢያ ዜና እየቀዳ ሲያዳምጥ ከርሟል። እሱ የሚደግፈው ወገን ስንት ጊዜ እንደተወሳ፣ እነዚያኞቹ ስንት ጊዜ እንደተወሱ፣ ለማን ክፉ ወሬ ለማን ደግ ወሬ እንደተነገረ በሠንጠረዥ ከፋፍሎ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ አስቀምጦታል። «ይኸው አክስቴ፣ አድሏቸውን በቁጥር ያዝሁት» አለኝ። ከምሳ በኋላ ሊለጥፈው ነው።

ስለ እናንተ ያወሩት ክፉ ወሬ ውሸት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ድንቹን መላጥ ጀመረ።

«ዋናው እሱ አይደለም አክስቴ። ዋናው ስንት ጊዜ እንዳወሩት ነው።»

እጄ ላይ የነበረውን ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ንዴቴ ከልጁ ጋር አይመጣጠንም ነበር፤ እሱ ምን ያውቃል። ግን ይህችን ሠንጠረዥ እኔ ገና ሱራፌል ሳይወለድ፣ ስልክ በየሰው ኪስ ሳይገባ፣ ደባርቅ ላይ አውቃታለሁ። ያኔ ቀለም አልነበራትም። የምትያዘው በመቁጠሪያ ነበር።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ሳይሞላልኝ ቀርቶ፣ ደባርቅ ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ አንባቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከገበያው ራስጌ በቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ጡሩምባ የሚመስሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል። እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ በገበያ ቀን ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ አነባለሁ። በቅሎ የጠፋበት፣ የክትባት ቀን፣ የሥራ ቅጥር፣ አንዳንዴም የሬዲዮውን ዜና ጨምቄ። ደባርቅን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። በዚያ መስኮት የሚገባው ነፋስ ከሰሜን ተራራ በቀጥታ የሚመጣ እንጂ በማንም ቤት ያለፈ አይመስልም ነበር። ጣቴ ደንዝዞ ወረቀት መግለጥ ሲያቅተኝ ትዝ ይለኛል።

ከማነበው ሁሉ ሰው ጆሮውን የሚያቆምለት ግን በክረምት የማነበው የመንገድ ወሬ ነው። ከቆላው ወደ ደባርቅ ገበያ የሚያወጡ ሁለት የጭነት መንገዶች ነበሩ። የላይኛው ገደሉን ታኮ ሽቅብ ይወጣና ላይ ሰፈር ያደርሳል። አጭር ነው፤ ግን ጉሮሮ የሚሉት ጠባብ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ ሁለት በቅሎ ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዷ የግድ ወደ ኋላ ትመለሳለች። የታችኛው ወንዙን ዞሮ፣ ግማሽ ቀን አርዝሞ፣ በታች ሰፈር በኩል ይገባል። ነጋዴ ደግሞ የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ እንስሳውን የሚያሳርፈው በገባበት ሰፈር ነው። ስለዚህ የላይኛው መንገድ ሲበላሽ የላይ ሰፈር ጠላ ይኮመጥጣል፤ የታችኛው ሲበላሽ የታች ሰፈር ዳቦ ይሻግታል።

በዚያ ዓመት ነገሩ የባሰው ከሁለቱ አንዱ መንገድ ድንጋይ ሊነጠፍለት ነው ስለተባለ ነው። የሚመረጠው ብዙ የማይበላሸው ነው ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ትናንት አብረው ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። እኔም ሳላስበው የሁለቱም ጠላት ሆንሁ፤ ምክንያቱም መንገድ ተበላሸ የምለው እኔ ነኝ።

ማስታወቂያ ማንበብ ያስተማረኝ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጋሽ አበራ ነው። አንድ ሕግ ነበረው። አብረው ያልመጡ ሁለት መንገደኞች አንድ ነገር ካልተናገሩ ያ ነገር አይነበብም። «የሁለት ሰው አፍ» ይለዋል። እኔም በገበያ ቀን ማለዳ ወጥቼ በሁለቱም በር ቆሜ የሚገባውን እጠይቃለሁ። ጭቃው የት ድረስ ነው? በቅሎ ያልፋል? ውኃው ጉልበት ይደርሳል? ከዚያ የሰማሁትን እጽፍና አነባለሁ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ገደሉን አልማረውም። እስከ ፍልሰታ ድረስ የላይኛው መንገድ በተከታታይ አምስት ገበያ ተናደ፤ የታችኛው ወንዙ ሞልቶ አንድ ጊዜ ተዘጋ። እኔም አምስት ጊዜና አንድ ጊዜ አነበብሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

የላይ ሰፈር መሪ መሪጌታ ይትባረክ ነበሩ። ባለ ጥሩ ድምፅ፣ ተማሪ ያፈሩ፣ የተከበሩ ሰው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በገበያ ቀን ከድምፅ ማጉያው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥቁር መቁጠሪያቸውን ያወጣሉ። እኔ «የላይኛው ተበላሸ» ባልሁ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ያሳልፋሉ። ለጸሎት የተቋጠረውን ክር እኔን ለመክሰሻ አዋሉት። ያውም በፍልሰታ ጾም።

አንድ ቀን መስኮቱ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አምስት ጊዜ ላይኛውን አነሳሽ፤ ታችኛውን አንድ ጊዜ» አሉኝ፣ ቋጠሮዎቹን በጣታቸው እየለዩ።

«መሪጌታ፣ የተናደው እኮ አምስት ጊዜ ነው» አልኋቸው።

«መናዱን ተይው። አምስት ለአንድ ፍርድ ነው ወይ?»

ካደላም ያደላው ዝናቡ ነበር። ዝናብን ግን በመቁጠሪያ የሚከስ የለም፤ ያለችው እኔ ነኝ፣ ደመወዝተኛዋ፣ በመስኮት የምታየው።

የታች ሰፈሩ አቶ ፈንታ ደግሞ ምግብ ቤት ነበረው። እሱ የሚቆጥረው በሽምብራ ነው። በካፖርቱ ቀኝ ኪስ ሽምብራ ይይዝና እኔ ስናገር አንድ አንድ እያነሳ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውራል። አምስት ለአንድ ሆኖለትም አልረካም። ለእሱ የላይኛው ተበላሸ ማለቴ እውነት ስለሆነ አይቆጠርም፤ የላይኛው ተጠግኗል ያልሁ ዕለት ግን ሽምብራ ያነሳል። ድምፅሽ ይሞቃል አለኝ። የታችኛው ደኅና ነው ስትይ ግን ትቀዘቅዢያለሽ አለኝ። ስለ ሌላው የሚነገር በጎ ነገር አድሎ ነው፤ ስለ እሱ የሚነገር በጎ ነገር ግን ወትሮም መነገር የነበረበት እውነት ነው። ከዚህ ሒሳብ ማን ያመልጣል?

ቀጥሎ ዘሬን ቆፈሩ። እናቴ የምትኖረው ላይ ሰፈር ነው፤ የተወለደችው ግን ታች ሰፈር ነው። ላይ ሰፈር ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። ለካ ገደሉ የሚናደው እናቴ ታች ሰፈር ስለተወለደች ነው። ታች ሰፈር ደግሞ ያደግሁት ላይ ሰፈር መሆኑን አስታወሰ። የታችኛው መንገድ ዳግመኛ በጎርፍ ሲዘጋና ሳነበው የላይ ሰፈር ሰዎች ይቅርታ የጠየቁኝ እንዳይመስላችሁ። «ስንናገራት ጊዜ ደነገጠች፣ ድሮም ጥፋቷን ታውቅ ነበር» ተባለ። አንድ ገበያ ደግሞ የሁለት ሰው አፍ አጥቼ ምንም ሳላነብ ቀረሁ። ያን ዕለት ሁለቱም ሰፈር ደበቀችው አሉ። ባነብ አደላሁ፣ ባላነብ ደበቅሁ፣ ባስተካክል ጥፋቴን አመንሁ። የሚያስፈታኝ መልስ በየትም በኩል አልነበረም።

ጋሽ አበራ ያጽናናኝ ነበር። «ሁለቱም ከጠሉሽ መሃል ላይ ነሽ ማለት ነው፤ በርቺ» ይለኛል። እኔም አመንሁት፤ ትንሽ ኮራሁም መሰለኝ። በሁለት ወገን መሰደብን እንደ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ዛሬ ሳስበው ይህም ያው የመሪጌታ ቆጠራ ነው። ሁለት ሰፈር ጠላኝ ማለት ሁለት ሰፈር ጠላኝ ማለት ብቻ ነው። ሌባንም ሁለት ሰፈር ይጠላዋል። ትክክል መሆኔን ማወቅ የምችለው መንገዱን ባየ ሰው አፍ እንጂ በሰዳቢዎቼ ብዛት አልነበረም። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሰዳቢ ሲበዛብኝም ሲያንስብኝም አልናወጥም ነበር።

በከተማዋ ውስጥ አንድም ቋጠሮ ሳይቆጥር የሚያዳምጠኝ ሰው ቢኖር ጋሽ እንድሪስ ነው። ጎረቤታችን ነበር። ሚስቱ ዘሃራ ሱቅ ትጠብቃለች፤ እሱ ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ በሁለት በቅሎ ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሲመለስ ሰሊጥና ማር ያመጣል። አንደኛዋ በቅሎ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ናት፤ ሁለተኛዋ ዳማ። ሥራ የያዝሁ ሰሞን ከሱቁ የሱፍ ሻርፕ አውጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። «መስኮቱ ብርድ አለው። ጉሮሮሽን ጠብቂ፤ እኛ የምንሄደው በሱ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጋሽ እንድሪስ የእኔን ድምፅ ሳይሰማ አይጭንም። ላይ ሰፈር ሄዶ ቢጠይቅ መንገዱ እንደ መዳፍ ለስላሳ ነው ይሉታል፤ ታች ሰፈር ቢጠይቅ ላይኛው ፈርሶ አልቋል ይሉታል። በሁለቱም ሰፈር እውነት ከጠላና ከዳቦ ጋር ስለተጣበቀ፣ የቀረችው አንዲት ያልተሸጠች አፍ የእኔ ናት ብሎ ያምን ነበር። በቅሎዎቹን ከባሕር ዛፉ ሥር አቁሞ፣ ማንበብ ስጨርስ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ይሄዳል።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ላይ ሰፈር ታደላለች ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። ፊርማው ሁለት ገጽ ነበር፤ ማንበብ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል። የማዘጋጃ ቤቱ አለቃችን ጠሩኝ። ማመልከቻው ላይ ከተጻፈው አንዱንም ውሸት ነው እውነት ነው ብለው አልጠየቁኝም። ከእንግዲህ ስለ አንዱ መንገድ ስታነቢ ስለ ሌላውም እኩል አንብቢ፣ ሚዛን ጠብቂ አሉኝ። ጋሽ አበራ አጠገባቸው ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። እሱም ልጆች አሉት።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልሁት የእናቴን ነው። በዚያው ሳምንት የጽዋ ተራዋ ደርሶ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ገብሷን ቆልታ፣ የተጣራ ጠላ ይዛ ማኅበር ሄደች። ሴቶቹ ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ በአንድ ዋንጫቸውን ደፉ። ሆዴን አሞኛል ያለች አለች፤ ምክንያት እንኳ ያልሰጠች አለች። እናቴ ጋኑን እንዳለ ተሸክማ ተመለሰች። በር ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ክዳኑን ሳትነካ ቆመች።

«ልጄ፣ እውነቱን አትናገሪ አላልሁሽም» አለችኝ። «ትንሽ ብታስተካክይው ብዬ ነው።»

የሚቀጥለው ገበያ ቀን ጠዋት ጉሙ ቶሎ ተገለጠ። በላይኛው በር ቆሜ መጀመሪያ ያገኘሁት ነጭ ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ናት። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። ጉሮሮው ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ እኔ ገደሉን በእጄ እየዳሰስሁ በጎኔ አለፍሁ አለችኝ። ከእሷ ብዙ ቆይቶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬም ሳልጠይቀው ያንኑ ነገረኝ፤ አህያውን ከጉሮሮው ማዶ ጥሎ በእግሩ ነው የመጣው። የታችኛው ላይ ጭቃ እንጂ ሌላ ችግር የለም፤ ያንንም ሁለት ሰው ነገረኝ።

ቢሮ ገብቼ ጻፍሁ። «የላይኛው መንገድ ጉሮሮ ላይ ተሰንጥቋል። እንስሳ አይለፍበት። የታችኛው ጭቃ አለው፤ ያሳልፋል።» አጭርና ግልጽ ነበር። ለብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ የእናቴ ጋን መጣብኝ፣ ሁለት ገጹ ፊርማ መጣብኝ፣ የአለቃችን «እኩል» መጣብኝ። በመስኮት ሳይ መሪጌታ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ስድስተኛውን ቋጠሮ ከወዲሁ በጣታቸው ይዘውታል። አቶ ፈንታም ከማዶ እጁን ኪሱ ከትቷል። ጽሑፉን ሰረዝሁትና ከሥሩ አዲስ ጻፍሁ።

«ሁለቱም መንገዶች ጥንቃቄ ይሻሉ።»

ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ያን ዕለት ጥሩ ነበር ያነበብሁት። ውሸት አልነበረበትም እኮ፤ ከሁለቱ የትኛው ጥንቃቄ አይሻም? ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርሁት እግዜር ይወቀው።

ጋሽ እንድሪስ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበር። ቦራና ዳማ ተጭነዋል። ወደ መስኮቱ ቀና አለ። ከወትሮው ትንሽ የቆየ መሰለኝ፤ የሚጠብቀው ነገር የቀረበት ይመስል ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ሰው በአጭሩ ይሄዳል፤ ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በቅሎዎቹን ወደ ላይ ሰፈር አዞራቸው።

ሮጬ ላስቆመው እችል ነበር። ተነሥቼ በሩ ላይ ደርሻለሁ። በሩ ላይ መሪጌታ ገጠሙኝ፣ ፊታቸው በርቶ። ከኋላቸው አቶ ፈንታ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ይባርክሽ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ዛሬ ገና ሚዛን ያዝሽ።»

አቶ ፈንታም ዛሬስ አፍሽ ተስተካክሏል፣ ምሳ በእኔ ነው አለኝ። እጅ ነሣሁ። እነሱ ሲያመሰግኑኝ፣ እኔም ምስጋናቸውን በፈገግታ ስቀበል፣ ጋሽ እንድሪስ ላይ ሰፈርን አልፎ ቁልቁለቱን ያዘ።

ወሬው በማግሥቱ ቀትር ላይ መጣ። ጉሮሮው ተቆርጧል። ቦራ ከነጭነቷ ገደል ገብታለች። ዳማ ተከትላታለች፤ ልጓሙ በጋሽ እንድሪስ እጅ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሱንም ይዛው ወርዳ፣ ልጓሙ ሲበጠስ እሱ አንድ የወይራ ጉቶ ላይ ተጠልፎ ቀረ። በቃሬዛ ሲያመጡት እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን ወገን ዞሮ ነበር። ወጌሻው አልተኛለትም፤ ግን አጥንቱ ከሁለት ቦታ ስለተሰበረ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚያ በኋላ ጋሽ እንድሪስ እስኪሞት ድረስ በምርኩዝ ነው የሄደው። በቅሎም ዳግመኛ አልነዳም።

ሰው ቢያንስ አሁን ያፍራል ብላችሁ ነው? በሚቀጥለው ገበያ ጠዋት ከላይ ሰፈር መልእክተኛ መጣ፤ የአደጋው ወሬ እንዳይነበብ፣ የመንገዱን ስም ያጠፋል ተባለ። ከታች ሰፈርም መጣ፤ ሦስት ጊዜ እንዲነበብ። የሰውየው እግር እንዴት ዋለ ያለኝ ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው አልነበረም። ቃሬዛውን የተሸከሙት የሁለቱም ሰፈር ጎረምሶች መሆናቸውን አልክድም፤ ትከሻቸው ደግ ነበር። ጭንቅላታቸው ግን እዚያው ቆጠራው ላይ ነበር። የላይኛው መንገድ ጉሮሮ ላይ ተቆርጧል ብዬ አንድ ጊዜ አነበብሁ። መሪጌታ ይትባረክ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ስድስተኛውን ቋጠሮ አሳለፉ። በመስኮት አየኋቸው። ያን ዕለት የተሰማኝን ጥላቻ እስከ ዛሬ አልተናዘዝሁትም፤ ልናዘዘውም አልፈልግም።

ጋሽ እንድሪስን ልጠይቅ የሄድሁት በሳምንቱ ነው። ዘሃራ አቅፋ ሳመችኝ፤ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ቀዳችልኝ። እሷ ወደ ሱቁ ስትወጣ ሻርፑን ከአንገቴ አውልቄ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነገርሁት። ሴትዮዋን፣ ሽማግሌውን፣ የሰረዝሁትን ጽሑፍ፣ ሁሉንም። እሱ ጣሪያውን እያየ አዳመጠኝ።

«የሁለት ሰው አፍ ነበረሽ?» አለኝ።

«ነበረኝ።»

ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

«እኔ እኮ የጠየቅሁሽ መንገድ ነበር» አለ። «አንች የመለስሽልኝ ስለ ሰፈር ነው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለማንም አልተናገረብኝም። ለዘሃራ እንኳ አልነገራትም፤ ቢነግራት ኖሮ በየበዓሉ ከሱቋ ስኳር አትልክልንም ነበር። እኔም ለማንም አልተናገርሁም። መስከረም ሲጠባ ሥራውን ለቅቄ ጎንደር መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። መንገዱን በተመለከተ፣ ድንጋይ የተነጠፈለት አንዱም የለም። ዛሬ መኪና በሌላ በኩል ያልፋል፤ ሁለቱንም ሣር በልቷቸዋል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሚዛናዊ ነሽ ተብዬ የተመሰገንሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እውነቱን የሰረዝሁበት ቀን።

አድሎ የለም አልልም። አለ፤ አይቼዋለሁ፤ ሆን ብሎ የሚዋሽ አፍም ሰምቻለሁ። ግን አድሎን የሚያውቀው ገደሉ ድረስ ሄዶ፣ ስንጥቁን አይቶ፣ ከተነገረው ጋር ያስተያየ ሰው ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስሜ ስንት ጊዜ ተጠራ የሚል ሰው የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ጩኸቱን ካበዛ ደግሞ፣ እንደ እኔ ያለች ፈሪ ታገኛለች። ፈሪዋ እኩል ታደርግለታለች። እኩል ሲሆን መንገደኛ በአጭሩ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለሱራፌል ነገርሁት። በሕይወቴ ከጋሽ እንድሪስ ሌላ የሰማ ሰው እሱ ነው። ድንቹ ቀዝቅዞ፣ ዳጣው ደርቆ፣ ልጁም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠኝ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ተማሪ ሲገባው ታውቃለች ብዬ ነበር።

«ታዲያ አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «በልብሽ ለየትኛው ሰፈር ነበርሽ?»

«ለገደሉ» አልሁት።